የሐርጌሳው ሐኪም ያልሠሩበት ሆስፒታል

በአማርኛ ልማድ ሐኪም የሚለው ቃል ከሰው ስም ፊት ሲገባ ማዕረግ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ውሎ አድሮ የስሙ አካል ይሆናል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዘመናቸው ብዙ ሹመት ያዩ፣ በለንደንም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ከሹመታቸው ሁሉ ሙያቸውን መርጦ እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪም ወርቅነህ ይላቸዋል። በጎረቤታችን በሱማሌ ሕዝብ ዘንድም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ እነርሱ ሙያውን ከስሙ በኋላ ማስከተላቸው ነው። በሐርጌሳ ከተማ አደን ኢስማኢል ጉሌድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የአገሩ ሰው አደን ዳኽታር ይላቸው ነበር፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ አደን ሐኪሙ እንደ ማለት ነው።

እኒህ ሰው ከአገራቸው ውጭ ስማቸው የተሰማው በልጃቸው በወይዘሮ ኤድና አደን ሥራ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ አባት ለመናገር ተነሥቶ በልጅ በኩል መዞር ግድ ሆኖበታል። አንባቢ እንዳይሳሳትም፣ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኤድና በሐርጌሳ የተወለዱት በ1937 ነው። ያን ጊዜ አገሩ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር የነበረ የእንግሊዝ ሱማሌላንድ ሲሆን፣ ዋና ከተማው በባሕር ጠረፍ ያለችው በርበራ ነበረች። በ1940 ኢጣልያ አገሩን ያዘ። በ1941 እንግሊዞች መልሰው ካስለቀቁት በኋላ የአስተዳደሩን መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ አዛወሩት። ከጅግጅጋ ወደ በርበራ በሚወስደው የነጋዴ መንገድ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ከተማም በድንገት የገዥ መቀመጫ ሆነች።

ገዥው መጣ፤ ጽሕፈት ቤቱም ተሠራ፤ ሐኪምና መድኃኒት ግን በዚያው ፍጥነት አልመጡም። በአገሩ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። ሴት ልጅ ደግሞ ሕክምና ይቅርና ፊደል የምትቆጥርበት ትምህርት ቤት አልነበራትም። ከሕዝቡ የሚበዛው ግመልና በግ እየነዳ፣ ዝናም እየተከተለ የሚዞር ከብት አርቢ ስለ ሆነ፣ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ቀን ተጉዞ፣ በሽታውም ከጸና በኋላ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሐኪም የሆነ ሰው ይህ የእኔ ሙያ ነው፣ ያ የእኔ አይደለም ለማለት አይችልም። የተሰበረ አጥንት፣ የታመመ ዓይን፣ የእባብ መርዝ፣ ምጥ የጠናባት ሴት፣ ሁሉም በአንድ በር ይገባሉ።

ልጅቱ ኤድና ትምህርት በተዘጋ ጊዜ ከአባቷ ጋር ወደ ሆስፒታል ትሄድና ትረዳቸው ነበር። ለሕፃን እጅ የሚሆን ሥራ በሆስፒታል ውስጥ አይጠፋም። ጨርቅ እየቆረጡ ለፋሻ ማዘጋጀት፣ መቀስና መቆንጠጫ ማጠብ፣ የታዘዘውን ዕቃ ይዞ መሮጥ የእርሷ ድርሻ ነበረ። በዚህ ሥራ መካከል አባቷ በሚያስፈልጋቸው መሣሪያ እጦት ሲቸገሩ፣ እጃቸው የሚችለውን ነገር ዕቃው ሲከለክላቸው አየች። ወይዘሮ ኤድና ካደጉ በኋላ በየአጋጣሚው ደጋግመው እንደ ተናገሩት፣ አባታቸው ሊሠሩበት የሚወዱትን ዓይነት ሆስፒታል የመሥራት ሐሳብ በልባቸው ያደረው በዚያን ጊዜ፣ ገና በልጅነታቸው ነው።

ሳድግ ሐኪም እሆናለሁ የሚል ሕፃን በየቤቱ ሞልቶአል። ሳድግ ሆስፒታል እሠራለሁ የሚል ግን ብዙ አላጋጠመንም። ይህን የሚመኝ ሕፃን የሐኪሙን ነጭ ልብስ ብቻ ሳይሆን ባዶውን የመድኃኒት ሣጥን ጭምር ያየ መሆን አለበት።

አባትየው ለጎረቤት ወንዶች ልጆች የሚያስተምር መምህር ቀጥረው ነበርና፣ ኤድናም ከወንዶቹ ጋር ተቀምጣ ማንበብና መጻፍ ተማረች። ኋላም ወደ ጅቡቲ ተልካ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ገባች። በዘመኑ ልማድ ሴት ልጅን ለትምህርት ባሕር ማዶ ቀርቶ ጎረቤት አገር መስደድ የሚያስወቅስ ነገር ነበር፤ ሐኪሙ ግን ወቀሳውን ተሸከሙት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንገባለን። ይህን ገጽ በቤተ ሰብ መካከል የሚያነቡ ወላጆች ስላሉ ቃላችንን መጥነን እንጽፋለን እንጂ ነገሩን አልፈነው አንሄድም።

ኤድና 8 ዓመት በሆናት ጊዜ፣ አባቷ ከቤት ርቀው ሳሉ፣ እናቷና አያቷ እንደ አገሩ ልማድ አስገረዟት። በሱማሌ አገር ፈርዖናዊ እየተባለ የሚጠራው ግርዛት ከግርዛት ሁሉ የከፋው ነው። የሚቆረጠው ሥጋ ብዙ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላም ቁስሉ ይሰፋና ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ሐኪሙ ተመልሰው የሆነውን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቈጡ፤ አለቀሱም። ልጅቱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተደረገባት ነገር ክብርና ንጽሕና ነው ተብሎ የተነገራት ናት። ነገሩ ክፉ መሆኑን ያወቀችው ከአባቷ ፊት ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ ጨካኝ ሰው ብንፈልግ አናገኝም። እናትም አያትም ለልጃቸው የሚገባትን ያደረጉ መስሎአቸው ነበር፤ ያላስገረዙ እንደ ሆነ ባል አታገኝም፣ ሰውም ይጸየፋታል ብለው ያምኑ ነበርና። ደግሞም በከተማው ውስጥ የሰውን አካል አሠራር ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ሐኪም የዚያው ቤት ጌታ ነበሩ። የእርሳቸው ዕውቀት ስንቱን እንግዳ ሲጠቅም የገዛ ልጃቸውን አላዳነም፤ ነገሩ የሚወሰነው ወንድ በማይገባበት በሴቶች ጓዳ ነበረና። ቁጣቸው ቁስሉን አልፈወሰውም። ሆኖም ቁጣው በልጅቱ ዘንድ ቀረ። ለሠላሳ ዓመት ያህል በውስጧ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ በአደባባይ እንዴት እንደ ተሰማ ወደ ኋላ እንነግራለን።

በ1954 ኤድና የትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደች። በለንደን በበሮው ፖሊቴክኒክ ትምህርቷን ጀምራ ነርስነትንና አዋላጅነትን ተማረች። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የሄደች የመጀመሪያዪቱ ሱማሌ ልጃገረድ፣ በምስክር ወረቀት የመጀመሪያዪቱ ሱማሌ ነርስና አዋላጅ እርሷ መሆኗ ይነገራል። መኪና በመንዳትም ከሱማሌ ሴቶች ቀዳሚዋ እርሷ ናት። ለዚህ የመኪናው ነገር በጊዜው ከትምህርቷ ይልቅ ብዙ ሐሜት ሳያስነሣ እንዳልቀረ እንገምታለን።

አማርኛ ለመማር ለሚደክሙ አንባቢዎቻችን ስለዚህ ሙያ ስም ጥቂት ቃል ብንጨምር ከነገሩ አያርቀንም። አዋላጅ የሚለው ቃል ከመውለድ የወጣ ነው፤ ያዋለደች፣ ወልዳ እንድትነሣ የረዳች ማለት ነው። የወለደች ሴት እስክትጠና ድረስ አራስ ትባላለች። በትግርኛ ይህችው ሴት ሓራስ ትባልና አዋላጂቱ ከዚያው ሥር መሕረሲት ትባላለች። እንግዲህ አማርኛው ሙያውን ከሕፃኑ መወለድ ሲያወጣው ትግርኛው ከእናቲቱ መዳን አወጣው ማለት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በወሊድ ጊዜ የሚጠበቁት ነፍሳት ሁለት ናቸውና።

በ1961 ወይዘሮ ኤድና ወደ ሐርጌሳ ተመለሱ። አገሩ በ1960 ነጻ ወጥቶ ከደቡቡ ክፍል ጋር ተዋሕዶ ነበር። የተማረች ሴት በመንግሥት የሥራ መዝገብ ውስጥ ስፍራ ስላልነበራት፣ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ በሆስፒታል አገለገሉ። የመንግሥት መዝገብ ቤት ምን እንደ ሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አያስደንቀንም፤ በመደቡ ያልተጻፈ ሰው ቢሠራም እንዳልሠራ ይቈጠራል። በ1963 በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑትን መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልን አገቡ። በ1969 የጦር መኰንኖች መንግሥቱን በያዙ ጊዜ ባለቤታቸው ታሰሩ፤ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ወደ ቁም እስር የወረዱትም በዚያው ሰሞን ነው። ይህን ዘመን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ስለ ፖለቲካው የተጻፈ ሞልቶአልና።

የሚያስፈልገን የ1976ቱ ነገር ነው። ወይዘሮ ኤድና በአዋላጅነት ሲሠሩ በልጅነታቸው የደረሰባቸውን ነገር በሌሎች ሴቶች ላይ በየቀኑ ያዩ ነበር። የተሰፋው ቁስል ሽሮ የጠነከረ ጠባሳ ሲሆን እንደ ጤነኛ ሥጋ አይለጠጥም። ሕፃኑ ሊወጣ ሲል ወይ መንገዱ ይዘጋበታል፣ ወይ ሥጋው ተሰንጥቆ ደም ይፈሳል። እንግዲህ በ8 ዓመቷ የተቆረጠች ልጅ የምትከፍለው ዕዳ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን በዕለቱ፣ ሁለተኛውን በምትወልድበት ጊዜ። በ1976 በሞቃዲሾ በሴቶች ጉባኤ ፊት ቆመው ስለዚህ ነገር በግልጥ ተናገሩ። እስከዚያ ድረስ እናት ለልጇ በሹክሹክታ እንኳ የማትናገረው ነገር ነበረ። ከዚያ በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ሠራተኝነታቸውም ሆነ ከዚያ ውጭ ይህን ንግግር አላቋረጡም።

ሆስፒታሉን የመሥራት ሐሳብም አልቀረም። በ1980ዎቹ በሞቃዲሾ አንድ ጀምረው ነበር፤ ጦርነት መጣና ቀረ።

በዚህ መካከል በሐርጌሳ የሆነውን አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም፤ በዚያች ከተማ ሐኪም መሆን ምን እንደሚያስከፍል ያሳያልና። በ1981 ወጣት ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች የተማሩ ሰዎች ተባብረው የሐርጌሳን ሆስፒታል በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት ለማሻሻል ተነሡ። ከእነርሱም አንዱ ዶክተር አደን ዩሱፍ አቦከር ናቸው። ሆስፒታሉ በመንግሥት ተዘንግቶ ንጽሕናውም መድኃኒቱም የጐደለ ነበረ። እነርሱም ጠረጉ፣ ዕቃ አሰባሰቡ፣ ሕዝቡም እንዲረዳ ለመኑ። የሲያድ ባሬ መንግሥት ግን ሆስፒታል የሚጠርግ ሰው ነገ ሌላም ሊጠርግ ያስባል ብሎ ጠረጠረ። ሰዎቹ ታሰሩ፤ በየካቲት 1982 ለፍርድ ሲቀርቡ የሐርጌሳ ተማሪዎች ወደ አደባባይ ወጡ፤ ወታደሮችም ተኮሱባቸው። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ የተፈቱት በ1989 ነው። ይኸውም አንድ ወለል ለማጽዳት የተከፈለ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው።

እነርሱ በተፈቱ ጊዜ ከተማዪቱ ራሷ አልነበረችም። በ1988 አማፅያን ሐርጌሳ በገቡ ጊዜ፣ ከዚያችው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ የመንግሥት አውሮፕላኖች ከተማዪቱን ደበደቡ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጐረፈ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ያለው የሐርቲሼክ የስደተኞች ሰፈር በዚያን ጊዜ ከዓለም ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ለመሆን በቃ፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። ነርሶችና አዋላጆች ግማሾቹ ሞቱ፣ የቀሩት ተሰደዱ። በግንቦት 1991 ሱማሌላንድ ራሷን የቻለች መሆኗን ስታውጅ፣ ዋና ከተማዋ ጣራ የሌላቸው ግድግዳዎች ክምር ነበረች።

ወይዘሮ ኤድና በዚያን ጊዜ በጅቡቲ የዓለም ጤና ድርጅት ወኪል ነበሩ፤ እስከ 1997 ድረስም በዚያው አገለገሉ። ዕድሜአቸው 60 ደርሶ ነበር። እንደ እርሳቸው ባለ ማዕረግ ጡረታ የወጣ ሰው ደህና አገር መርጦ፣ አበባ እያጠጣ ቢኖር የሚነቅፈው አይኖርም። እርሳቸው ግን ወደ ሐርጌሳ ተመልሰው ቦታ ለመኑ። የተሰጣቸው መሬት የከተማው ቈሻሻ የሚጣልበት ሜዳ ነበረ። መኪናቸውን ሸጡ፤ ጌጣቸውን ሸጡ፤ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በሲሚንቶና በብረት ላይ አፈሰሱት። ግድግዳው ቆሞ ገንዘቡ በማለቁ ጣራው ቀረ። ይህንኑ በ1999 አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ጻፈ፤ በአሜሪካ አገር ያሉ ሐርጌሳን በካርታ ላይ እንኳ አይተው የማያውቁ አንባቢዎችም ገንዘብ አዋጥተው ላኩና ሥራው ቀጠለ።

በእኛ አስተያየት ከግንቡ ሁሉ የሚበልጠው በ2000 የተደረገው ነገር ነው። ሆስፒታሉ ገና ሳይከፈት ወይዘሮ ኤድና ከሠላሳ የሚበልጡ ተማሪዎችን ሰብስበው ነርስነት ማስተማር ጀመሩ። ሕንጻ በአንድ ዓመት ይቆማል፤ ምጥን የምታውቅ ሴት ግን በአንድ ዓመት አትገኝም፤ ያሉትን ደግሞ ጦርነቱ በትኖአቸዋል። ብዙ ጊዜ በየአገሩ እንደሚታየው ግን ሕንጻው ይመረቃል፣ ሪባኑ ይቆረጣል፣ አልጋውም ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛ ፍለጋ ይጀመራል።

ሆስፒታሉ የተከፈተው በመጋቢት 9 ቀን 2002 ነው። ለአባታቸውም መታሰቢያ አደረጉት። የሱማሌላንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት የቀድሞ ባለቤታቸው ኢጋል ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ በግንቦት መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ አረፉ። ወይዘሮ ኤድናም ሚኒስትር ሆነው፣ ከ2003 እስከ 2006 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን መሩ። መኖሪያቸውን ግን በሆስፒታሉ ውስጥ አደረጉ፤ ሌሊት የተቸገረች አዋላጅ ደረጃ ወጥታ በር ብታንኳኳ ታገኛቸዋለች።

ለእናቶች ተብሎ የተሠራው ቤት ውሎ አድሮ ወንዱንም ሕፃኑንም የሚቀበል ሆነ፤ በር ላይ የወደቀን በሽተኛ ሴት አይደለህም ብሎ መመለስ አይቻልምና። ዋና ሥራው ግን ወሊድ ነው። ምጥ ለብዙ ቀናት ሲዘጋ የሕፃኑ ራስ በራሱና በእናቲቱ አጥንት መካከል ያለውን የፊኛዋን ሥጋ ተጭኖ ደም እንዳይደርሰው ይከለክላል። ሥጋው ይሞትና ይበሳል፤ ሽንትም ያለ ፈቃድ ይፈሳል። ይህ ፊስቱላ የሚባለው ሕመም ነው። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም በሽታው ከሰው ይለያታል። በአዲስ አበባ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 አዋላጆችን ለማስተማር መጥተው፣ ባዩት ነገር ምክንያት ዕድሜአቸውን በዚህ ሕመም ሕክምና የፈጸሙ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። እነርሱም ከብዙ ዓመት ሕክምና በኋላ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈቱ። የአዲስ አበባዎቹ ከቀዶ ሕክምና ተነሥተው ወደ አዋላጅ ትምህርት ደረሱ፤ የሐርጌሳዋ ከአዋላጅ ትምህርት ተነሥተው ቀዶ ሕክምናውን ጨመሩ። መንገዱ ከሁለት ወገን ይምጣ እንጂ የሚገናኘው በአንድ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በገጠር፣ መጥፎው ምጥ በሚጀምርበት ቤት፣ ነገሩ ከአቅሜ በላይ ነው፣ አሁኑኑ ውሰዷት ለማለት የምትችል አንዲት የተማረች ሴት መኖር ነው።

ስለዚህ ወይዘሮ ኤድና 1,000 አዋላጆች አሠልጥነው በየአውራጃው ለመበተን አሰቡ። በ2010 ትምህርት ቤቱ በስማቸው የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይሁን እንጂ ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። በ2020 የወጣው የሱማሌላንድ የጤናና የሕዝብ ጥናት እንዳስታወቀው፣ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 396 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ ነበር። አባታቸው በሠሩበት ዘመን እንዲህ ያለ ሞት የሚቈጥረው እንኳ አልነበረም።

ስለ ግርዛቱም ነገር ቢሆን ድሉ ግማሽ ነው። በ2018 የሱማሌላንድ የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር የከፋው የግርዛት ዓይነት የተከለከለ መሆኑን የሚገልጥ የሃይማኖት ትእዛዝ አወጣ፤ ቀለል ያለ የሚባለውን ግን አላገደውም። በእኛ አገር በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ያስቀጣል፤ ሆኖም ሕግ የሚነበበው በጽሕፈት ቤት፣ ምላጩ የሚሳለው ደግሞ በጓዳ መሆኑን በገጠር ያገለገለ ሹም ሁሉ ያውቀዋል። ሐኪሙ አደን ከቤት በራቁበት ቀን የሆነውም ይኸው ነበረ። ሴት አዋላጅ ግን ጓዳው አይከለክላትም። አያቲቱ ለጠባቂ፣ ለባልና ለሐኪም የማትከፍተውን በር ለእርሷ ትከፍታለች፤ በዚያች ሌሊት ለእናቲቱ የምትነግራት ቃልም ከአዋጅ ይልቅ ይሰማል።

በ2023 ወይዘሮ ኤድና የቴምፕልተን ሽልማት ተቀበሉ፤ ከአፍሪካ ሴቶች ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዪቱ እርሳቸው ናቸው። ገንዘቡ ከአንድ ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ነበረ። ምን ሊያደርጉበት እንዳሰቡ ሲናገሩም፣ ከገንዘቡ ከፍሎ ለሆስፒታሉ አዲስ መሣሪያ መግዣና ለመምህራን መቅጠሪያ እንደሚያውሉት አስታወቁ።